ሎዛ ከሄደች በኋላ

ግንቦት 18
ዛሬም ሥራ አስቆመች። ሎዛ፣ የሴፍቲ ባለሙያዋ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ዓመት አልሞላትም… እኔ በፎርማንነት አሶሳ ውስጥ ስንት ፎቅ አቁሜያለሁ? ሄልሜት፣ ጓንት፣ ቦት ጫማ… እሺ። አሁን ደግሞ የምድር ቤቱ ጉድጓድ በጣውላ ካልተደገፈ ሰው አይገባም አለች።
"ጋሽ አንለይ፣ አፈሩ ረጥቧል።"
"ዝናብ እየጣለ አፈር ካልረጠበ ምን ይሁን?" አልኳት።
ቆፋሪዎቹ ልጆች ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

ግንቦት 20
ኮንትራክተሩ ደባልቄ ጠራኝ።
"ይቺ ልጅ ታሠራሃለች?"
"አታሠራም።"
ሌላ አልጨመርኩም። ምን እጨምራለሁ?

ግንቦት 21
አሰናበታት። ዕቃዋን ባጃጅ ላይ ጭና ወደ እናቷ ቤት፣ ወደ ባምባሲ ልትሄድ ነው። ስትወጣ ጠጋ አለችኝ።
"ጋሽ አንለይ፣ በአጥሩ በኩል ያለውን የጉድጓዱን አፍ በየጠዋቱ ይዩልኝ።"
አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ግንቦት 25
ሥራው ፈጠነ። ጭቅጭቅ የለም፣ ልጆቹም ደስ ብሏቸዋል።
አጥሩ ጋ ሄጄ አየሁት። እንዲያው… ስላለችኝ። ቀጭን ስንጥቅ አለ። መሬት አይሰነጠቅም እንዴ?

ግንቦት 29
ሲዘንብ አደረ። ስንጥቁ እጄን አስገባ። ትናንት ረጥቦ ብቻ የነበረው የጉድጓዱ ግድግዳ ውሃ ያንጠባጥባል። ለደባልቄ ደወልኩ። ጣውላ ይምጣ አልኩት።
"አንተም ጀመርክ?" ዘጋው።
ታች ዐወድ በበርታ ቋንቋ እያንጎራጎረ ይቆፍራል። በቁፋሮም በቀልድም የሚስተካከለው የለም። ልጠራው አፌን ከፍቼ… ተውኩት። ለምን ተውኩት?

ግንቦት 30
እንቅልፍ የለም። ጠዋት ሰው ሳይገባ መሰላሉን ጎትቼ አወጣሁት። ደባልቄ መጣ፣ ጮኸ። ፎርማንነቴ እዚያው አበቃ። መሰላሉ ተመለሰ፤ ልጆቹም ወረዱ። ወደ ቤት መሄድ ግን አቃተኝ። ከላይ ቆሜ "ውጡ!" እላለሁ።
ዐወድ ቀና ብሎ ሳቀ።
"ጋሽ አንለይ፣ አንተም ሎዛ ሆንክ?"
"ሆንኩ።"
ሳቁ ቆመ። ፊቴን አይቶ መሰለኝ… አካፋውን ጥሎ ወጣ። ሌሎቹም እያጉረመረሙ ተከተሉት።
ምሳ ላይ፣ በአጥሩ በኩል፣ አፈሩ ገመስ ብሎ ወረደ። ብዙ አይደለም። አካፋውን ግን ዋጠው።
"ይሄ ነው ያስፈራችሁ?" አለ ደባልቄ። ሁሉንም አባረራቸው።

ሰኔ 1
ከቶንጎ በኩል በአይሱዙ አዲስ ሠራተኞች መጡ። አያውቁኝም። ልነግራቸው ስጠጋ ዘበኛው ከበር መለሰኝ። "ታዝዤ ነው፣ ጋሼ።" አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ይምጡ አሉኝ… ነገ?
ለሎዛ ደወልኩ። ምን እንደምላት ሳላውቅ። ሰላምታ እንኳ አላስጨረሰችኝም።
"ልጆቹ ወጡ?"
"ወጡ…"
"ተመስገን!"
"ሌሎች ገቡ" አልኳት።