በሁለት ክፍት መስኮቶች መካከል ስለዳነው ራሴ

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፣ ለዶክተር ቬሊቦር፤

ክቡርነትዎ ከነመላ ቤተሰብዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ የላይኛው ሽሊቫ መንደሩ ዢቮይን፣ ራሴን ሳያመኝ እነሆ ሰላምታ አቀርባለሁ። ፊደል ስለማልቆጥር የሚጽፍልኝ ፖስተኛው ራቶሚር ነው። ስሕተት ካለ የእሱ፣ ስድብ ካለ የእኔ ነው።

የምጽፍልዎ ነርስ ዴሳንካ ሐሙስ ሐሙስ ለራስ ምታተኞች የምትሰጠው ትምህርት እንዲዘጋ ስላዘዙ ነው። ቅሬታዬ በተራ ይኸው፦

አንደኛ፣ አሥራ አንድ ዓመት ጧት ሁለት ማታ ሁለት የዋጥኩትን ክኒን ቀስ በቀስ አስጣላችሁኝ። ለካ የሚያሳምመኝ ራሱ ክኒኑ ኖሯል። ይህን በአሥራ አንድ ዓመት ብቻ ስለደረሳችሁበት ፍጥነታችሁን አደንቃለሁ።

ሁለተኛ፣ ሰባ ስምንት ዓመት ያለ አስተማሪ ስተነፍስ የኖርኩትን ሰውዬ ነርሷ አተነፋፈስ ልታስተምረኝ ተነሣች። ይባስ ብላ ፊት ለፊት ያሉትን ሁለት መስኮቶች ከፍታ መሃላቸው አስቀመጠችኝ። ንፋስ ከመስኮት ወደ መስኮት ያለፈበት ሰው አንገቱ እንደሚቆለመም፣ ቀጥሎም ቄስ እንደሚጠራለት እርስዎም ያውቃሉ። ባለቤቴ ስታሜና ይህን ስትሰማ የቀብር ልብሴን አውጥታ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። እኔም የበግ ቆዳ ባርኔጣዬን እስከ ቅንድቤ ደፍቼ ሞቴን ጠበቅኩ። ዴሳንካም፣ "አባባ ዢቮይን፣ ጥርስዎን ይልቀቁት እንጂ፤ የሚነክሱት ሰው እኮ የለም" አለችኝ። ለቀቅኩት። ከትከሻዬ ላይ አንድ ጆንያ ስንዴ ወረደልኝ። በጣም አፈርኩ።

ሦስተኛ፣ ሕመሜን በየቀኑ ደብተር ላይ እንድመዘግብ ታዘዝኩ። ላመመኝ ቀን መዶሻ፣ ላላመመኝ ቀን የፕሪም ፍሬ ሣልኩ። የመጀመሪያው ወር ሃያ ሦስት መዶሻ ነበረው። አራተኛው ሁለት ብቻ፤ ሁለቱም የሚስቴ ወንድም የመጣባቸው ዕለታት። ድሮ መለከት ስሰማ ጎተራ ውስጥ የምደበቀው ሰውዬ፣ ባለፈው እሑድ ሰርግ ላይ ከመለከተኞቹ ጆሮ ሥር ጨፈርኩ። ስታሜና የቀብር ልብሱን መልሳ አጣጥፋዋለች፤ ትንሽ ቅር ያላት ይመስለኛል።

እርስዎ ግን ደብተሬን አገላብጠው "አንድ ቃል ያልሰፈረበት ባዶ" ብለው ጻፉ፤ ትምህርቱም ውጤት አላሳየም ተብሎ ተዘጋ። ደብዳቤዎን ራቶሚርን ሁለት ጊዜ አስነበብኩት። እኔ ማንበብ ባለመቻሌ ዕድሜ ልኬን ሳፍር ኖሬአለሁ። ሃያ ዓመት ተምረው መዶሻና ፕሪም መለየት ያቃታቸው ሰው እንዳሉ ስላሳዩኝ፣ ከዚህ ሐፍረት ስለገላገሉኝ እግዜር ይስጥልኝ።

እኔስ ድኛለሁ። ጎረቤቴ ሚሌቫ ግን እስካሁን አንድ ፕሪም አልሣለችም፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሻሽ በግንባሯ አስራ ሐሙስን ትጠብቃለች። ስለ እሷ ሲሉ ያንን የትምህርት ክፍል ይክፈቱልን፤ መስኮቶቹንም ጭምር።

በላላ መንጋጋና በወረደ ትከሻ፣ ባርኔጣዬን አንሥቼ እጅ እየነሣሁ አውራ ጣቴን አትሜያለሁ፤
ዢቮይን

ማስታወሻ፦ ይህን ሲያነቡ ጥርስዎን ከነከሱና ትከሻዎ ወደ ጆሮዎ ከወጣ፣ ነገሩ የሚጀምረው እንዲህ ነው። አንድ ደብተር አብሬ ልኬልዎታለሁ። የመጀመሪያውን መዶሻ እኔው ሣልኩልዎ።