ሁለቱ ኤርሞሄነሶች

ሰኞ፣ ኦገስት 4
ዛሬም የጠፉትን በሚፈልገው ቢሯችን የፋይል እሽግ ስሠራ ዋልኩ። የጠፋው ሰው ፎቶ፣ የእናቱ የደም ውጤት፣ ቤተሰቡ በቋንቋችን በኬችዋ የሰጠው ቃል... ሁሉም ፋይል በአንድ ስም ይታሰራል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ከጉድጓድ ከወጡት አጥንቶች ጋር ያስተያየዋል። አንድ ፋይል ከጎደለ እሽጉ ቆሞ ይጠብቃል። እንደ እናቶቹ።
ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነው። ለዚህ ኖሯል?

ረቡዕ፣ ኦገስት 6
አለቃዬ ያኔት ጠራችኝ። ልጄ ልትሆን የምትችል ናት። ወንበር ሳበችልኝ።
"እማማ ፓውላ፣ የልጅዎ እሽግ ከአንድ አጥንት ጋር ገጠመ። ግን... ውስጡ የሁለት ልጅ ፎቶ አለ።"
አየሁት። የኔ ኤርሞሄነስ፣ እና የእህቴ የኤዱቪሄስ ኤርሞሄነስ።
እኔና እሷ ወንድማማቾች አገባን። በአገራችን ልጅ ደግሞ የአባቱንም የእናቱንም የቤተሰብ ስም ይይዛል። በአንድ ቀን ወለድን፤ ቄሱ የዕለቱን ቅዱስ ስም ለሁለቱም ሰጡ። በጦርነቱ ጊዜ የታጠቁ ሰዎችም በአንድ ቀን ወሰዷቸው። ማሽን ምን ያድርግ? አንድ ሰው መስለውት አብሮ አሰራቸው።
"ደሙስ?" አልኳት።
"አጥንቱ አርጅቷል፤ የእናት ወገን ብቻ ነው የሚያሳየው። እርስዎና እህትዎ ደግሞ ያው ናችሁ።"
የተገኘው አንድ ነው። የማን?

ሐሙስ፣ ኦገስት 7
ለኤዱቪሄስ ልንገራት? በተወሰዱበት ቀን ልጇ ነው ልጄን ጠርቶ ከቤት ያስወጣብኝ። ካኮረፍኳት ዕድሜ ልክ ሆነ... ይቅር።

ረቡዕ፣ ኦገስት 13
የዘገየ ፋይል መጣ። የተገኘው ልጅ የቁርጭምጭሚት ፎቶ። አጥንቱ ላይ ጥቁርና ነጭ ክር ተጠምጥሟል። አጎላሁት። ወደ ግራ የተፈተለ ነው።
ክፉ እንዳይነካው ብላ ኤዱቪሄስ ናት ለልጇ ያሰረችው። "ላንቺም ልጅ ልፍተልለት?" ብላኝ ነበር። "ልጄ በግ ነው እንዴ የሚታሰር?" አልኳት።
"የማን ይመስልዎታል?" አለች ያኔት።
"ልየው።"
የኔ ነው ብል ማን ያውቅብኛል? ክሩን የምታውቀው እህቴ ብቻ ናት። እሷ ደግሞ ፎቶውን አላየችም። መቃብር ይኖረኝ ነበር። ሄጄ የምቀመጥበት...

ሐሙስ፣ ኦገስት 14
እሽጉን ለሁለት ከፈልኩት። አጥንቱንም ክሩንም ከእህቴ ልጅ ጋር አደረግኩ።
ደወልኩላት።
"ማን ልበል?"
"ፓውላ ነኝ። ልጅሽ ተገኘ።"
እሷም፣ "ያንቺስ፣ እትዬ?"
ስልኩን ዘጋሁት።

ዓርብ፣ ኦገስት 29
ቀበርነው። ሳጥኑ ትንሽዬ ነው፣ ነጭ። የሕፃን ይመስላል።
ኤዱቪሄስ ጆሮዬ ሥር፣ "የሁለታችን ይሁን፣ እትዬ። ስሙ እንደሆነ አንድ ነው። መስቀሉን አይቶ ማን ይለየዋል?" አለችኝ።
"የራስሽን ቅበሪ" አልኳት። ክንዷን ግን አልለቀቅኩም።
ከቀብር ወደ ሥራ ተመለስኩ። የልጄ እሽግ "ያልተሟላ" ከሚለው ሥር ነው። ሲወለዱም ሲወሰዱም አብረው ነበሩ። ማሽኑም አልለያቸውም ነበር። አሁን ብቻውን ነው... የለየሁት እኔ ነኝ።