ስድስተኛዋ ሣጥን

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ አባባ? ያ ጉልበትዎ ላይ የሚነሳብዎት ቁርጥማትስ ተሻለዎት? ሐኪሙ ያዘዘልዎትን ኪኒን ይውጣሉ ወይስ እንደ ልማድዎ ትራስ ሥር እያጠራቀሙት ነው? የእማዬ ዓይንስ እንዴት ሆነ? ያ የሚያፈስ የጓዳው ጣሪያ ተደፈነ? እኔ በአካል ደህና ነኝ። ከናፍቆትዎ በቀር ምንም አልሆንኩም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ንዴቱ ናፍቆቱን በልጦታል፣ ልዋሽዎት አልችልም።

የዛሬ አሥር ቀን፣ እሑድ፣ በስልክ ያሉኝን እስከ ዛሬ እያመላለስኩት ነው። በስልክ እንዳልመልስልዎት ሁለት ቃል ሳይናገሩ እማዬ ትነጥቅዎታለች፤ ከእሷ አክስቴ ትቀበላለች፤ አክስቴ ደግሞ ድምፅ ማጉያውን ከፍታ ለጎረቤቱ ሁሉ ታሰማለች። ባል ብታገቢ ኖሮ እንዲህ ያለ ነገር አይታይሽም ነበር ያለችኝን አልረሳሁም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልጻፍልዎትና እርስዎው ይፍረዱኝ።

እንደሚያውቁት ሥራዬ ራዳር ፊት ተቀምጦ አውሮፕላኖች እንዳይቀራረቡ መጠበቅ ነው። ከወር በፊት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ አንድ የጭነት አውሮፕላን ካፒቴን በሬዲዮ ጠሩኝ። ከፊቴ የሆነ የሚያብረቀርቅ ነገር ቆሟል፣ የማን እንደሆነ ንገሪኝ አሉኝ። ስክሪኑን ባይ እውነታቸውን ነው፤ ማንም ሊኖር በማይገባበት ቦታ አንዲት ነጥብ አለች። አራት ደቂቃ ሙሉ ንቅንቅ አላለችም። ከዚያ እኔ የማውቀው አውሮፕላን በማይችለው ፍጥነት ሽው ብላ ጠፋች። እኔም እንደ ደንቡ ሰዓቱንና ርቀቱን የእያንዳንዱ በረራ መረጃ በሚጻፍበት ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፍኩ፤ ሪፖርትም አደረግሁ። ጥፋቴ እሱ ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም ብል ኖሮ ዛሬ በሰላም ወንበሬ ላይ ነበርኩ።

ወዲያው አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? "አቶ ማስታወሻ" እያልን የምናማቸው የክፍላችን ኃላፊ፤ ስለ በር አዘጋግ እንኳ ማስታወሻ ጽፈው ግድግዳ ላይ የሚለጥፉት። ሁለቱ አባላት ግራና ቀኝ ተቀምጠው ራሳቸውን ይነቀንቁላቸዋል። ቅጽ ሰጡኝ። የታየው ነገር መንስኤ ከሚለው ሥር አምስት ሣጥን አለ፦ ወፍ፣ ፊኛ፣ ደመና፣ የመሣሪያ ብልሽት፣ የተቆጣጣሪ ስህተት። አንዱ ላይ ምልክት አድርጊ ተባልኩ። ምን እንደሆነ አላውቅም ስላቸው፣ አላውቅም የሚል ሣጥን የለም አሉኝ። አባባ፣ ምርመራ ማለት እኮ ያላወቁትን ለማወቅ ነበር! እነዚህ ግን መልሱን አስቀድመው አሳትመው የሚለጠፍበት ሰው የሚፈልጉ ናቸው።

የራዳሩ ቅጂ ይታይልኝ አልኩ። ታየ፤ ንጹሕ ሰማይ! ቴክኒሻኑ ተጠርቶ ተጠየቀ። ሰውዬው ውሸት አያውቅም፤ ስክሪኑ የመጣውን ሁሉ ያሳያል፣ የሚቀመጠው ቅጂ ግን ቦታ እንዳይፈጅ አውሮፕላን የማይመስለው ሁሉ እየተሰረዘ ነው አላቸው። እንግዲህ የቀረችኝ ማስረጃ ያቺ ቁራጭ ወረቀት ብቻ ሆነች። አቶ ማስታወሻ በሁለት ጣታቸው አንስተው አዩዋትና፣ በእርሳስ የተጻፈ ሰነድ አይሆንም፣ በላጲስ ይጠፋል አሉ። ደሜ ፈላ። ሥራ ክፍላችን ድረስ ሄጄ የራሳቸውን ማስታወሻ ከነመርፌው ከግድግዳው ነቅዬ አመጣሁላቸው። እስክሪብቶ ጠረጴዛ ስለሚያበላሽ ከዛሬ ጀምሮ በእርሳስ ብቻ ይጻፍ ይላል፤ ከሥሩ ፊርማቸው አለበት። አንብበው ሲጨርሱ ይህ የጠረጴዛ ንጽሕናን እንጂ ሰነድን አይመለከትም ብለው ወረቀቱን ለሁለት አጠፉት። ጉድ እኮ ነው!

በመጨረሻ አንደኛው አባል ወደ ጎን ወስደው መከሩኝ። ስህተቱ የኔ ነው ብዬ ብፈርም ሦስት ሳምንት ሥልጠና ወስጄ ወደ ወንበሬ እመለሳለሁ፤ ካልፈረምኩ ራዳር ፊት መቀመጥ አበቃልኝ። ካፒቴኑስ ብላቸው፣ ራዳር ያላየውን ያየ አብራሪ የአእምሮ ሐኪም ፊት ይቀርባል፣ የበረራ ፈቃዱም ይታገዳል አሉኝ፣ ምንም እንዳልሆነ። ካፒቴኑ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው ሰው ናቸው። ፊታቸውን አይቼ አላውቅም፤ ድምፃቸውን ግን ስድስት ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ አንድም ቀን ሳያመሰግኑኝ ከሬዲዮ ወጥተው አያውቁም። እስከ ዓርብ አስቢበት ተባልኩ። የሥራ ባልደረቦቼ በበኩላቸው "ላም አለኝ በሰማይ" የሚል ስም አውጥተውልኛል።

ያን ጊዜ ነው ለእርስዎ የደወልኩት። ዓለም ሁሉ ፈርሚ ቢለኝ አባቴ አይሉኝም ብዬ ነበር። ልጅ ሆኜ፣ ለሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ዝናብ ሲለኩ፣ የዝናብ መለኪያዋን ጣሳ ጠዋት ጠዋት አብሬዎት ሳይ፣ ዓይንሽ ያየውን እንጂ ልብሽ የፈለገውን አትጻፊ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም? እርስዎ ግን ፈርሚና እረፊ፣ የእንጀራ ነገር ነው አሉኝ። ከዚያ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ እኔም ያኔ ፈርሜያለሁ አሉኝ። ወዲያው እማዬ ስልኩን ነጠቀችዎት።

ያኔ ያሉት መቼ እንደሆነ አልጠፋኝም። ወንዙ ሞልቶ የወፍጮ ቤቱን ግድግዳ የወሰደበት ዓመት ነው። እርስዎ የለኩት ዝናብ ከመቶ ሚሊ ሜትር በላይ ነበር፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ከመጨረሻው አኃዝ በፊት ነጥብ ረስተሃል፣ ከአሥር ትንሽ ቢበልጥ ነው ብሎ ጻፈልዎት። እምቢ ብለው እንደቀሩ ነበር እስከ ዛሬ የማምነው። ለካ በኋላ ወንዙ ላይ የተሠራው ድልድይ ያን ያህል ዝቅ ያለው እርስዎ በፈረሙበት በዚያ ቁጥር ነው። ለካ ድልድዩን ትተው ሩቁን መንገድ እየዞሩ ገበያ ሲሄዱ፣ እኛም ግትርነት ነው እያልን ስንስቅ፣ ምክንያቱ ይህ ኖሯል። ተናድጄብዎት ሰነበትኩ፣ አልደብቅዎትም። አምስት ልጅ ይዘው ምን ያድርጉ እያልኩ ደግሞ አዝኜልዎታለሁ። ሁለቱም አሁንም ሆዴ ውስጥ አሉ።

ዓርብ ጠዋት ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። ከቦርሳዬ እስክሪብቶ አውጥቼ ከአምስቱ ሣጥኖች ሥር አንዲት ስድስተኛ ሣጥን ሠራሁ። ምልክት አደረግሁባትና ከጎኗ "አይቻለሁ፤ ምን እንደሆነ አላውቅም" ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። አቶ ማስታወሻ ቅጹን አበላሸሽው ብለው ጮኹ። በእስክሪብቶ ስለሆነ አይጠፋ፤ ቅጹ ቁጥር ስላለው አይቀደድ። ከአምስቱ ውጪ የሆነ ጉዳይ እንዴት እንደሚዘጋ ደግሞ ደንባቸው አይናገርም፤ ፋይሉ ካልተዘጋ ካፒቴኑን ማገድ አይቻልም። እኔ ከሰኞ ጀምሮ መዝገብ ቤት ገብቼ አቧራ እያራገፍኩ ነው። ካፒቴኑ ግን ትናንት በረሩ። ከሬዲዮ ሲወጡ በእኔ ቦታ የተቀመጠችውን ባልደረባዬን፣ ለዚያችኛዋ አመሰግናለሁ በይልኝ አሏት። መዝገብ ቤት ድረስ ወርዳ ስትነግረኝ አለቀስኩ።

የእማዬን ጉልበት ይሳሙልኝ፤ ያየሽው ሰይጣን ነው ላለችኝ፣ ሰይጣን አይደለም ይበሉልኝ፣ ምን እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም። አክስቴን ሰላም ይበሉልኝ፤ ባል ሲገኝ በድምፅ ማጉያ እነግራታለሁ። ታላቅ ወንድሜን ያንን ጣሪያ ዝናብ ሳይመጣ ይድፈነው ይበሉልኝ፤ ለሚስቱና ለመንትዮቹም ሰላምታዬ ይድረስ።

አንድ ነገር ልለምንዎት አባባ። እርስዎ ወረቀት የሚጥሉ ሰው አይደሉም፤ ያ የዝናብ ደብተር ከአልጋዎ ሥር እንዳለ አውቃለሁ። ያን ቀን ጠዋት ጣሳዋ ላይ ያዩትን ቁጥር ይጻፉልኝና ከሥሩ ይፈርሙበት። በእስክሪብቶ።

አክባሪዎ ሦስተኛዋ ልጅዎ
ከመዝገብ ቤቱ ጠረጴዛ፣ ረቡዕ፣ ኅዳር 17 ቀን