የተላገው ማኅተም

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ኅዳር 9

ለልጄ፣ ለፍንጭቷ፤

እንዴት ነሽልኝ? ሆድሽ ገፋ አሉ፤ ደረጃ ላይ ቀስ በይ። ስልኩን ትቼ ደብዳቤ የጻፍኩልሽ፣ እናትሽ ከግድግዳው ወዲያ ተኝታ የምናገረውን ሁሉ ስለምትሰማ ነው። ዕቃውን የላከልን ትራንዚተር ደብዳቤውን ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል።

ዋናውን ልንገርሽ። ለልጅሽ የሠራሁት የሚወዛወዝ አልጋ አይደርስሽም። ትናንት እናንተ አገር ወደብ ላይ ከነሳጥኑ አቃጥለውታል። እጄን በቆረጠው!

ድንበር ለሚሻገር ዕቃ ማሸጊያ የሚሆን እንጨት እስከ ውስጡ ሃምሳ ስድስት ዲግሪ ግሎ ሠላሳ ደቂቃ መቆየት አለበት አሉ፤ ነቀዝ ከአገር አገር እንዳይሄድ። ከዚያ የስንዴ ዛላ ያለበት ማኅተም በእሳት ይመታበታል። እኔም እንደ ሰው ታዝዤ የታከመ ጣውላ ፈልጌ ገዛሁ፣ ሳጥኑን ገጠምኩ። ጨርሼ ሳየው ያ ጥቁር ማኅተም ጎኑ ላይ ተገትሯል። ለልጄ የሚሄድ ሳጥን ላይ? እንጨቱ አንዴ ታክሟል፣ ማኅተሙ ምን ያደርግለታል ብዬ በመላጊያ ድምጥማጡን አጠፋሁት። በብርጭቆ ወረቀትም አሸሁት። አርባ ዓመት አናጺ ሆኜ ቆሻሻ ሥራ ከእጄ ወጥቶ አያውቅማ!

ሳጥኑ እዚያ ተይዞ ትራንዚተሩ ጉዱን ሲሰማ ራሱን ያዘ። "አባባ፣ ሙቀቱን ማን ያየዋል? የሚታየው ማኅተሙ ነው" አለኝ።

"እኔ እምላለሁ፤ ጻፍላቸው" አልኩት።

"ወደብ ላይ መሐላ አይቀበሉም፣ አባባ።"

ሳጥኑን አቃጥለው አልጋውን ይስጧት ብልም፣ ሳይከፈት ነው የታዘዘው አለኝ። እንዳልሰድባቸው ነቀዝን አውቀዋለሁ፤ ስንቱን ቁም ሳጥን ዱቄት አድርጎብኛል። እጅ እግሬ ታስሮ ተቀመጥኩ።

ያንገበገበኝ አልጋው ውስጥ አብሮ የተቃጠለው የልጅሽ ብርድ ልብስ ነው። እናትሽ ተኝታ ነው የሰፋችው። ክሩን መርፌው ውስጥ የማስገባላት እኔ ነበርኩ፤ እሷ ሲያቅታት፣ እኔም ሳይታየኝ፣ ስንሳሳቅ ግማሽ ቀን ይሄዳል። እሷ ደህና ናት፣ አታስቢ። ምግብ ብቻ ቀነሰች፤ ትናንት ሁለት ማንኪያ ሾርባ ቀምሳለች። ሐኪሙም ከእንግዲህ አታመላልሷት፣ እኔ ቤት እየመጣሁ አያታለሁ ብሎናል። ጥሩ ሰው ነው።

በየቀኑ "ደረሰ?" ትለኛለች። ትናንት ትራንዚተሩ ደውሎ የሚለኝን ሰምቼ ስዘጋ፣ "ምን አለህ?" አለችኝ። ምን ይዋጠኝ? "ደርሷል" አልኳት። ሳቀች፣ ልጄ! ከስንት ጊዜ በኋላ ጥርሷን አየሁት።

"ሲወዛወዝ አይጮህም?"

"የኔ ሥራ መቼ ይጮሃል?" አልኳትና ወጥቼ በረንዳው ላይ አለቀስኩ።

እንግዲህ ዋሽቻለሁ፤ አንቺንም አስገብቼሻለሁ። አልጋው መስኮቱ ሥር ነው በያት። ብርድ ልብሱን ጉንጬ ላይ አድርጌ አየሁት በያት፤ ይህን በተለይ እንዳትረሺ። እንደ ሌላው ጊዜ እሑድን አትጠብቂ። ይህ እንደደረሰሽ ደውዪ። ቶሎ ካልተነሳም አትዝጊው፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ የምይዝላት እኔ ነኝ።

ምጥሽን ያቅልልልሽ፣ የወለድሽውን አቅፈሽ ለመሳም ያብቃሽ።

እጁ አላርፍ ያለው አባትሽ