ካፖርትህ ውስጥ የቀረው ቁልፍ

ለምወድህ ለጌታሁን፣ ለኔው ለጌትዬ፤

ከተለየኸን ዓመት አለፈ። ያለ አንተ ሁለተኛው በረዶ ወርዶ ሚኒያፖሊስን ሸፍኗታል። እንዴት ነህ ብዬ እንዳልጠይቅህ፣ ያለህበት ብርድ የሌለበት ቦታ ነው እያሉ ቄሱ ያጽናኑኛል። እሱን ስሰማ ደስ ይለኛል፤ ብርድ እንዴት እንደምትጠላ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል። እኛ ደህና ነን። ይህን የምለው ሰው ሲጠይቀኝ ስለለመድኩት ነው እንጂ አንተንማ ለምን እዋሽሃለሁ? ቤቱ ሰፍቶናል። ከዜና አንባቢው ጋር በአማርኛ የሚጨቃጨቅ ስለሌለ ቴሌቪዥኑንም የሚከፍተው የለም።

ልጅህ ሊያ አድጋለች፣ በቁመት አልፋኛለች። በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ መመለሷን አልተወችም። አንተ ትቆጣት ነበር፤ እኔ ግን ድምጿን ከሰማሁ ይበቃኛል ብዬ ትቻታለሁ። ስላንተ ስታወራ ብቻ፣ ማን እንዳዘዛት እንጃ፣ አማርኛ ይመጣላታል።

ሌላው ለውጥ ያስቅሃል፤ መኪና እነዳለሁ። አዎ፣ እኔ! መሪውን አንድ ቀን አስይዘኸኝ ቆሻሻ መጣያውን የገጨሁት ሴትዮ፣ ያችኑ ቡናማ መኪናህን ይዤ ብሉሚንግተን ድረስ ሥራ እሄዳለሁ። ወድቄ ወድቄ ነው መንጃ ፈቃዱን ያገኘሁት። ፈታኙ ሰውዬ ሲያየኝ ቀበቶውን ሁለት ጊዜ ነበር የሚያጠብቀው።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ባለፈው ሳምንት ስለሆነው ነው። ለሰው ብነግረው ቁልፏን መኪና ውስጥ ረስታ ነው ብለው ስቀው ያልፉታል። ለአንተ ካልነገርኩት አይወጣልኝም።

ታውቀዋለህ፣ ስንት ዘመን ካንተ ጎን ተቀምጬ የኖርኩ ሴት ነኝ። መኪናው ሲቆም መቆለፊያውን ወደ ታች ተጭኜ፣ በሩን ገፋ አድርጌ መውረድ ነው የማውቀው። ቁልፍ የአንተ ጉዳይ ነበር። ያን ዕለት ጠዋት የምሠራበት ሆቴል ግቢ ደርሼ ሞተሩን አጠፋሁና፣ እንደ ድሮዬ ተጭኜ፣ ገፍቼ፣ ሄድኩ። አልጋ ሳነጥፍ ውዬ ከሰዓት በኋላ ስመለስ ቁልፉ መሪው ሥር ተንጠልጥሎ በመስታወቱ ያየኛል።

የሆቴሉ ዘበኛ ሽቦ አጥፎ ታገለ፤ በሩ እምቢ አለ። ቁልፍ ሠሪ ጋ ሲደወል በዚያ ብርድ ከተማው ሁሉ ቁልፉን የቆለፈበት ይመስል፣ እስከ ማታም አንደርስም አሉ። አሳድሬያት በአውቶቡስ እንዳልሄድ፣ ሌሊት በረዶ ስለሚጠረግ እዚያ ያደረ መኪና ይጎተታል። መስኮቱን እንስበረው ያለም ነበር፤ በተሰበረ መስኮት በዚያ ብርድ እንዴት ልነዳ? ሊያ ጋ ደውዬ እንደማመሽ ስነግራት «ማሚ፣ ዳዲ ኮ ስፔር ኪ ነበረው» አለችኝ። ትርፉን ቁልፍ ማለቷ ነው።

ያን የሴንት ፖል ሰርግ ታስታውሳለህ? ሙሽራዋን ልታመጣ ሄደህ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ የሙሽራዋ አበባ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ፣ በሩን ቆልፈህ ወረድህ። በአዲሱ ሱፍህ መኪናዋን ስትዞራት ሚዜዎቹ «ሆ» እያሉ አጨበጨቡልህ። እኔማ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት። በማግስቱ ከጥቁሩ ካፖርትህ ገበር ውስጥ፣ በልብህ በኩል፣ ትንሽ ኪስ አሰፋኸኝ። ትርፉን ቁልፍ ከዚያ ከተትህና አንተ ብትረሳ ካፖርቱ እንደማይረሳ ነገርከኝ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ሆነና ኪሱ ትዝ ሲለኝ ካፖርቱ ቤቴ የለም።

የሰጠሁት አርባህ ከወጣ በኋላ ነው። እትዬ ዘነበች፣ የማኅበራችን ሰብሳቢ፣ የሟች ልብስ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ አይከርምም፣ ለቸገረው ይሰጥለት እያሉ ይመክሩኝ ነበር። ሸሚዞችህን ሰጠሁ፣ ጫማህን ሰጠሁ። ካፖርቱ ላይ ስደርስ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብለው ሲቀልዱብኝ እንኳ አልሰማኋቸውም። አንገቱ አንተን ይሸት ነበር፣ ጌትዬ። ቁም ሳጥኑን ከፍቼ ፊቴን እቀብርበት ነበር። ኋላ ቄሱ፣ ከሱዳን ወደዚህ ልጃቸው ዘንድ ስለመጡ አንድ ኤርትራዊ ሽማግሌ ነገሩኝ፤ በበረዶው በስስ ጃኬት ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ። ይህን ሰምቼ ልሰስት አልቻልኩም። ግን በገዛ እጄ ማጠፍ አቅቶኝ ሊያን ፌስታል ውስጥ ክተቺው አልኳትና ወደ መስኮቱ ዞሬ ቆምኩ። ኪሱን ማን ያስብ።

ከሰጠሁ ወዲህ አቶ ወልዱን፣ ሽማግሌውን ማለቴ ነው፣ ሸሽቻቸው ኖርኩ። ቅዳሴ ሲያልቅ በሌላው በር እወጣለሁ። ሰውየው ምንም አላደረጉኝም፤ ያንን ካፖርት ሌላ ሰው ላይ ማየት ስላልቻልኩ ነው። ሰጥቼም አልሰጠሁም፤ በልቤ አሁንም ቁም ሳጥኑ ውስጥ እንደተሰቀለ ነበር።

አሁን ግን ከእሳቸው በቀር የማንን ደጅ ላንኳኳ? እትዬ ዘነበች ጋ ደወልኩ፣ እሳቸው ደግሞ ኮሎምቢያ ሃይትስ አቶ ወልዱ ቤት ደወሉ። ልጃቸው ሥራ ላይ ነበር። ሽማግሌው ልጄን ልጠብቅ አላሉም፤ ከዚያ ድረስ አውቶቡስ እየቀያየሩ መጡልኝ።

እኔ ሆቴሉ መግቢያ መስኮቱ ሥር ቆሜ እጠብቃለሁ። አውቶቡሱ ቆመ። ካፖርትህ ወረደ።

ምን ልበልህ። አንገቱ ወደ ላይ ታጥፎ፣ ጆሮ ላይ ደርሶ፣ ልክ እንደ አንተ። ጎንበስ ብሎ በረዶውን እየረገጠ ሲመጣ፣ ፊቱ አይታይ፤ ዓመቱ ሁሉ፣ ቀብሩ፣ አርባው፣ ሙት ዓመቱ ከራሴ ጠፋ። ጓንቴን ሳላጠልቅ ሮጬ ወጣሁና «ጌትዬ!» ብዬ ጮህኩ። ዘበኛው ዞሮ አየኝ፣ ሻንጣ የሚጎትቱ እንግዶችም ዞረው አዩኝ። አቶ ወልዱ ቀና አሉ። የተሸበሸበ ፊታቸውን፣ ነጭ ጢማቸውን ሳይ ሩጫዬን ገታሁ።

ሰምተውኛል። ያልሰሙ መስለው እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሰደዱና፣ የካፖርቱን ቁልፎች አንድ ባንድ ፈተው፣ ከገበሩ ኪስ የመኪናዋን ቁልፍ አወጡ። ካገኙት ቆይተዋል። ለምን እንዳልመለሱልኝ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ፦ «ሐዘንሽን እንዳልቀሰቅስብሽ ፈራሁ፣ እኅቴ። የሟች አደራ ነው ብዬ እዚያው አኖርኩት።»

ከዚያ ዓይኔ የት እንዳለ አዩ። ዓይኔ ካፖርቱ ላይ ነበር። አንዱን እጅጌ ማውለቅ ጀመሩ። «ይኼንንም ውሰጂው። እኔ ልጄ ሌላ ይገዛልኛል» አሉኝ።

እውነቱን ልንገርህ፤ ልወስደው እጄን ዘርግቼ ነበር። በዚያ ብርድ ሽማግሌ ላስወልቅ። አንገቱን ያዝኩት፣ ጎንበስ ብዬም አሸተትኩት። የመገጣጠሚያ ሕመም ቅባት ይሸታል፣ የሳቸውን ሳሙና ይሸታል። አንተ የለህበትም፣ ጌትዬ። ፈልጌህ ነበር፣ የለህም። እጅጌውን መልሼ አለበስኳቸው። ቁልፎቹን ከታች እስከ ላይ ቆለፍኩላቸው፣ ለአንተ ጠዋት ጠዋት አደርግ እንደነበረው አንገቱን አስተካከልኩላቸው። ያኔ ነው የሰጠኋቸው እንጂ አምና አልሰጠኋቸውም።

መኪናዋ ስትከፈት ይግቡ፣ ቤትዎ ላድርስዎ አልኳቸው። በአውቶቡስ እሄዳለሁ ብለው ተግደረደሩ፤ እምቢ አልኩ። እኔ ድሮ የምቀመጥበት ላይ ተቀመጡ። መንገዱ ላይ ሆኜ ዓይኔ ወደፊት ነው፣ በበረዶ መንዳት ገና ነኝ። ከጎኔ ግን በዓይኔ ጥግ ጥቁሩ ካፖርት ይታየኛል፤ ትከሻው፣ እጅጌው፣ ጉልበት ላይ የተቀመጠው እጅ። አቶ ወልዱም እንደ ገባቸው ነው መሰለኝ ቃል አልተናገሩም። እስካልዞርኩ ድረስ አንተ ነበርክ። ከብሉሚንግተን እስከ ኮሎምቢያ ሃይትስ ዞሬ አላየሁም። እንዴት እንደምነዳ አሳየሁህ። መታጠፊያው ላይ ቀስ አልኩ፣ መብራት ላይ ሳላንገጫግጭህ አቆምኩ። ቆሻሻ መጣያ አልገጨሁም።

በራቸው ላይ ስናቆም ግን መዞር ግድ ሆነብኝ። ዞርኩ። አቶ ወልዱ ነበሩ። ነፍስ ይማር ብለው፣ እኔን መርቀው ወረዱ፤ በሩን ከፍቶ እስኪገባ ድረስ ካፖርትህን ከጀርባ አየሁት። ከዚያ መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ዓመቱን ሙሉ ለሊያ ስል የዋጥኩትን ሁሉ አለቀስኩልህ።

ባለፈው እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ በሌላው በር አልወጣሁም። አቶ ወልዱን ሄጄ ሳምኳቸው። ካፖርቱ ሞቋቸው ነበር።

ጌትዬ፣ አልረሳህም። ይህን ቃል መቃብርህ ላይም ሰጥቼሃለሁ፤ ያኔ ግን ማስታወስ ማለት ልብስህን አቅፎ መቀመጥ ይመስለኝ ነበር። አሁን አንተን የማኖርበት ሌላ ቦታ የለኝም፣ እኔው ነኝ የቀረሁት። ያ ካፖርት ሽማግሌውን ሲያሞቅ ባየሁ ቁጥር ስምህን እጠራለሁ። እንደዚያ ቀን ጮኼ አይደለም፤ በሆዴ ነው፣ አንተ ብቻ እንድትሰማው።

ያንተው አልማዝ