ያልተተከለችው መርፌ

ኅዳር 4

ሱቅ ውዬ ገባሁ። ብርዱ ስለጀመረ ቀኑን ሙሉ የተሸጠው ብርድ ልብስ ብቻ ነው።

አብዱልሐኪም ከትምህርት ቤት እያነከሰ መጣ። የቀኝ ጉልበቱ እንደገና አብጧል። "ወደቅህ እንዴ?" "አልወደቅኩም እማ።" ነካሁት... ይሞቃል። ገና ስምንት ዓመቱ ነው፤ እንደ ሽማግሌ ግድግዳ ይዞ ይሄዳል። ዘንድሮ ስንተኛው ነው? አራተኛ? አምስተኛ?

ኅዳር 5

ጎረቤቴ ማናለሽ ልጁን ልትጠይቅ ገባች። ጉልበቱን አይታ ከንፈሯን መጠጠች። ቢቸና አንድ ዶክተር አለ አለችኝ፤ የኔሰው ይባላል። የዚያው የቢቸና ልጅ ነው። ቻይና ስድስት ዓመት ተምሮ መጥቶ ክሊኒክ ከፍቷል። መድኃኒት የሌለበት ቀጭን መርፌ ሰውነት ላይ እየተከለ ሕመም ያስታግሳል።

"ወገቤን ያቀናልኝ እሱ ነው። ጎብጬ ሄጄ ቀና ብዬ መጣሁ" አለች።

መድኃኒት የሌለበት መርፌ... ታዲያ ምን ሊያደርግ ይወጋል?

ኅዳር 7

ለባሌ ለሙጀሂድ ነገርኩት። እራቱን በልቶ ሲጨርስ መለሰልኝ።

"ወጌሻውም ያድነዋል ብለሽ ነበር።"

እውነቱን ነው። አምና ወጌሻው አሸው፤ በማግስቱ ጉልበቱ እንደ ቅል አበጠ። ሁለት ሳምንት ከአልጋ አልወረደም። ሲታሽ እጁን ይዤ የነበርኩት እኔ ነኝ። "እማ ልቀቂኝ" እያለ... አልለቀቅኩትም። ለሱው ብዬ።

"ለትልቅ ሰው ይሁን፣ ለልጅስ?" አለ ሙጀሂድ። 

ኅዳር 8

መርፌው ውስጥ ቢሰበርስ? ልጁ ቢወራጭስ? የሌላ ሰው ደም የነካው ቢሆንስ? ሁሉንም እጠይቀዋለሁ። መልሱ ካልጣመኝ ልጄን ይዤ እመለሳለሁ።

ኅዳር 12፣ ቢቸና፣ አክስቴ ቤት

መንገዱ ክፍት ነው ሲሉን ሱቁን ለሙጀሂድ ትቼ ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሞጣ ተነሣን። ሚኒባሱ ውስጥ እግሩን ጭኔ ላይ ዘርግቶ ተኛ። ጉድጓድ ባገኘን ቁጥር ፊቱ ይጨማደዳል፤ ግን አልነቃም።

ክሊኒኩ ሁለት ክፍል ነው። በሩ ላይ "አኩፓንክቸር" የሚል ተጽፏል። ዶክተር የኔሰው ቀጭን፣ ረጋ ብሎ የሚያወራ ሰው ነው። ከእኛ በፊት ራስ ምታት የያዛት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከእናቷ ጋር ነበረች። እኛም እንድናይ ፈቀዱልን። ዶክተሩ እናትየዋን ሳይሆን ልጅቱን ጠየቀ።

"ልትከል? እምቢ ካልሽ እንተወዋለን።"

ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። የመርፌውን እሽግ ፊታችን ቀደደው። መርፌ ስል የማውቀውን ነበር የጠበቅኩት... ይቺ ፀጉር ናት። እኔ ሱቅ የምሰፋባት መርፌ ከሷ አጠገብ ምስማር ትሆናለች። ሁለት እጇ ላይ፣ ሁለት እግሯ ላይ። ሲተክል ጮክ ብሎ ቆጠረ፣ አራት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሲነቅልም ቆጠረ፣ አራት። ወዲያው ቢጫ ሣጥን ውስጥ ጣላቸው። የደም ጠብታ እንኳ አላየሁም። ልጅቱ አዛጋች። ሱብሃነላህ። ሰው እየተወጋ ያዛጋል?

ጥያቄዎቼን ዘረገፍኩለት። አንዱንም አልናቀም።

"መርፌዋ አንዴ ከተነካች ትጣላለች፤ ለሌላ ሰው አትዞርም። ለልጅ ጥቂት ነው የምንተክለው፣ ሳናጠልቅ፣ ለአጭር ጊዜ። ደረት አካባቢ ልጅ አልነካም። ልጁ ከፈራ በግድ አልይዘውም። በሠለጠነ እጅ ለጤነኛ ልጅ የሚያሰጋ ነገር ጥቂት ነው። ቢበዛ ትንሽ ሰማያዊ ምልክት ይተዋል።" ትንሽ ቆየና "ግን መጀመሪያ ልጁ ማን እንደሆነ ማወቅ አለብኝ" አለ።

ማን እንደሆነ? ልጄ ነው እንጂ ማን ይሆናል?

ተራችን ሲደርስ መርፌ አላነሣም። ደብተር አነሣ።

"ጉልበቱ ብቻ ነው?"

"አንዳንዴ ክርኑም ያብጣል።"

የልጁን እጅጌ ሰበሰበ። ክንዱ ላይ የጠቆረ ነገር አለ። "ይሄስ?"

"ልጅ አይደል፣ ይጫወታል።"

"የወተት ጥርሱ ሲነቀል ደሙ መቼ ቆመ?"

ልስቅ ምንም አልቀረኝ። ጉልበትና ጥርስ ምን አገናኘው? "በሦስተኛው ቀን" አልኩ። እስክሪብቶው ቆመ።

"ሲገረዝስ?"

"አራት ቀን እየቆመ ሲደማ ነበር። ጤና ጣቢያ ሁለቴ ሰፉት። የሰፋው ባለሙያ አላጠበቀውም ተባለ።"

ከዚያ ደብተሩን ዘግቶ ዓይን ዓይኔን አየኝ። "እህቴ፣ በአንቺ ወገን፣ በእናትሽ በኩል፣ ደም ፈሶት የሞተ ወንድ አለ?"

 ሙሐመድሁሴን። ወንድሜ። የአርባ ቀን ልጅ ሆኖ ተገርዞ በሦስተኛው ቀን ሞተ። እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከሱ በፊትም የእናቴ ወንድም... በልጅነቱ ወድቆ ምላሱን ነክሶ ሞተ ሲሉ እሰማለሁ። ምላሱን ነክሶ ሰው ይሞታል? አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለሰው ተናግሬም አላውቅም። ዛሬ ለማላውቀው ሰው ተናገርኩ።

የኔሰው ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ያልተቀደደ የመርፌ እሽግ መሳቢያው ውስጥ መለሰው።

"ይህን ልጅ አልወጋውም። እኔም አልወጋው፣ ሌላም አይውጋው። አይታሽ። ለሕመም ብለሽ አስፕሪንም ሆነ ሌላ ማስታገሻ ሐኪም ሳይፈቅድ አትስጭው። ጉልበቱ ውስጥ ያለው ውኃ አይመስለኝም። ደም ነው የምጠረጥረው። ባሕር ዳር ወስደሽ የደሙን መርጋት አስመርምሪለት።" ወረቀት ጽፎ ሰጠኝ።

መርፌ ሳይነካው ወጣን።

ኅዳር 13

ሞጣ ገባን። ተናድጃለሁ። ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ፣ ልጁ እንዲያ እየተሠቃየ፣ ወረቀት ይዤ ልመለስ?

ሙጀሂድ ወረቀቱን ገልብጦ አየው። "አልቻለበትም ማለት ነው።"

ማናለሽም አፈረች መሰለኝ፣ ዛሬ አልመጣችም። ግን ያቺ የጥርሱ ጥያቄ... ከራሴ አልወጣ አለች። እንዴት አወቀ? ልጄን ካየው ግማሽ ሰዓት አልሞላው። እኔ ስምንት ዓመት ሳየው ኖሬ...

ኅዳር 14

እናቴ ቤት ሄድኩ። ስለ ሙሐመድሁሴን ጠየቅኳት። በቤታችን ይህ ስም አይነሣም።  መሬት መሬት እያየች ነገረችኝ።

የገረዘው አያ ፈረደ ነው። የሞጣን ልጅ፣ እስላም ክርስቲያን ሳይል፣ የሚገርዝ እሱ ነበር። የሙሐመድሁሴን ደም እምቢ ሲል ሦስት ቀን ከቤታችን አልወጣም፤ እያሰረ፣ እየፈታ፣ እያሰረ። ልጁ ሲሞት አባቴ ከደጃችን አባረረው። ምላጩ ቆሻሻ ነው ተባለ። ጠጥቶ ነበር ያሉም አሉ። ከዚያ ወዲያ ልጁን የሚሰጠው ሰው ጠፋ። ቤቱን ዘግቶ ደብረ ወርቅ ገባ።

"እኔም ረገምኩት" አለች እማዬ። "ሃያ ስምንት ዓመት አንድ ቀን ሳልዘል።"

ባሕር ዳር እንደምሄድ ነገርኳት። "እኔም እሄዳለሁ" አለች።

ኅዳር 18

ባሕር ዳር። ደም ቀዱለት። ሐኪሟ ዶክተር ሳባ ትባላለች። የየኔሰውን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበችና "ይህን የጻፈው ማን ነው?" አለች። "መርፌ የሚተክል ሰው" አልኳት። ከተቀዳበት ቦታ ላይ ጥጡን ራሷ ይዛ ተጫነችለት። ሠላሳ ደቂቃ ይሆናል። አልለቀቀችም።

ውጤቱ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት።

ኅዳር 25

ዛሬም ምንም። አብዱልሐኪም ከአልጋ አልወረደም። አላሸሁትም። እጄ ግን ሊያሸው ይሄዳል... እመልሰዋለሁ።

ታኅሣሥ 3

ውጤቱን ልንሰማ ባሕር ዳር ገባን። ሂሞፊሊያ ይባላል። ደሙ ውስጥ ደምን የሚያረጋ አንድ ነገር በጣም አነስተኛ ነው። ስለዚህ ሳይወድቅም ሳይመታም መገጣጠሚያው ውስጥ ይደማል። ጉልበቱ ያበጠው በራሱ ደም ነው። ስናሸው ደግሞ የባሰ እያደማነው ነበር። እኔ እጁን ይዤ።

"ከእናት ነው የሚተላለፈው" አለች ዶክተር ሳባ። "አብዛኛውን ጊዜ የሚታመሙት ወንዶቹ ናቸው።"

ከእኔ ነው ማለት ነው። ፊቴን አይታ ይሆናል፣ ወንበሯን አስጠጋች። "ጥፋት አይደለም። ዓይንሽን ከማን ወሰድሽው? እንደዚያ ነው።"

ጠየቅኳት። እዚያ ቢቸና ጉልበቱ ላይ መርፌዋን ቢተክልበት ኖሮስ?

"ቀጭን ናት፣ ምናልባት ምንም ላይሆን ይችል ነበር። ምናልባት ደግሞ ውስጥ ለውስጥ ደምቶ እግሩን ያሳጣው ነበር። ማንም አያውቅም። እሱ ሳያውቅ አልነካም፤ ትልቁ ነገር ያ ነው።"

እናቴ ጥግ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ሰማች። እኔ የጨረስን መስሎኝ ስነሣ እሷ ጠየቀች።

"ዶክተር፣ ታዲያ ልጄን ፈረደ አልገደለውም?"

ሳባ ፈረደ ማን እንደሆነ አታውቅም። እማዬ በአጭሩ ነገረቻት። "እንደምትነግሪኝ ከሆነ ሕመሙ ይህ ሳይሆን አይቀርም፣ እናቴ። ማንም ቢገርዘው ደሙ አይቆምም ነበር" አለቻት።

እማዬ ሻሿን ፊቷ ላይ ስባ ከፊታችን ወደ መናኸሪያ ሄደች።

ታኅሣሥ 5

ባሕር ዳር ተመልሰን ሄድን፤ መድኃኒቱን በደም ሥሩ ሰጡት። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ነው፤ ሁልጊዜ አይገኝም አሉ። ትንሽ ነጭ ዱቄት ነው፤ በውኃ ይበጠበጣል። የጎደለው ይኸው ነበር? በጣት የምትያዝ ብልቃጥ?

ታኅሣሥ 8

እብጠቱ ጎደለ። ጧት እግሩን ሲዘረጋው አየሁ። እስከ ጫፍ። እሱም ገርሞት እያጠፈ እየዘረጋ ይመለከተዋል፣ የሌላ ሰው እግር እንደተሰጠው። ሙጀሂድ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ፊቱን አዞረ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።

ያ ሁሉ የጀመረው በጥርስ ነው። "ደሙ መቼ ቆመ?" ሱብሃነላህ። በሁለት መቃብር ላይ ዝም ብለን የኖርነውን ነገር አንድ ጥያቄ ከፈተችው። መርፌ ይሠራል ወይ ብዬ ነበር የሄድኩት። ያልተተከለችው መርፌ ሠራች።

ታኅሣሥ 20

ማናለሽ መጣች። "ላኩሽና አለፋሁሽ ብዬ አፍሬ ነበር" አለች። አቀፍኳት። 

ጥር 7፣ ሞጣ

ትናንት ሦስታችን ቢቸና ሄድን፤ እኔ፣ አብዱልሐኪም፣ እማዬ። ዶክተር ሳባ ጉልበቱ እንዲጠነክር እንቅስቃሴ ያሠሩት ብላ ለየኔሰው ጽፋለታለች። ተነጋግረው ኖሯል። እሱም ልጁን በጀርባው አስተኝቶ እግሩን እንዴት ቀስ እያለ እንደሚያነሣ አሳየው። አብዱልሐኪም መሳቢያውን እያየ "መርፌውስ?" አለ። "ላንተ አያስፈልግም። እኔና አንተ በእግርህ ነው የምንሠራው" አለው።

የልቤን ልነግረው ፈልጌ ነበር።  "አላህ እጅህን ይባርከው" ብቻ አልኩ። "እጄማ ምን ሠራች፣ ዝም አለች እንጂ" ብሎ ሳቀ።

ስንመለስ ደብረ ወርቅ ላይ እማዬ "አውርዱኝ" አለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። አብረናት ወረድን።

አያ ፈረደ ከሴት ልጁ ከአገሬ ጋር ነው የሚኖረው። ደጅ ላይ ፀሐይ እየሞቀ አገኘነው። በጣም አርጅቷል። እማዬ አጥሩ ጋ ቆመች፤ አልገባ አለች።

"አያ ፈረደ፣ የሙሐመድሁሴን እናት ነኝ።"

ሽማግሌው ለመነሣት ሞከረ፣ አቃተው። እሷ ከቆመችበት ሁሉንም ነገረችው። ሕመሙ ከእኛ ደም እንደሆነ። የሷም ወንድም በሱ ሳይሞት እንዳልቀረ። የልጅ ልጇም እንዳለበት። ሐኪሟ ያለችውን። "ሃያ ስምንት ዓመት ስረግምዎት ኖሬያለሁ። በደልኩዎት" አለች።

 

"ምላጩን ሦስት ጊዜ አፍልቼዋለሁ" አለ። "ሁልጊዜ ሦስት ጊዜ ነው የማፈላው። ያን ዕለት ግን... ሁለት ጊዜ ብቻ ይሆን እንዴ? እያልኩ ነው የኖርኩ። እስከ ዛሬ ጧት ድረስ።"

እማዬ አጥሩን አልፋ ገባች። እግሩ ሥር ልትወድቅ ስትል ክንዷን ያዛት። "ተይ፣ አንቺም ልጅ ነው የቀበርሽው" አላት። ሁለቱም አለቀሱ። አገሬ በር ላይ ቆማ አባቷን እንደ አዲስ ሰው ታየዋለች። ለካ እሷም አታውቅም፤ አባቷ ለምን ከሞጣ እንደወጣ ማንም አልነገራትም።

ከዚያ ልጁን ጠራው። "ና እስቲ፣ የታመመው የትኛው ነው?" አብዱልሐኪም ጉልበቱን አሳየው። አያ ፈረደ እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው። ወደ እኔ ዞረ።

"ብነካው ይጎዳል?"

"በቀስታ ከሆነ አይጎዳም" አልኩት።

ሁለት ጣቱን ብቻ አሳረፈበት፣ ሳይጫን።

ሚኒባሱ ሲመጣ እማዬ አልተነሣችም። "እናንተ ሂዱ። እኔ ነገ እመጣለሁ" አለች። አገሬ መኝታ ልታዘጋጅላት ገባች። ከመንገዱ ዞሬ ሳይ እማዬና አያ ፈረደ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። እማዬ እያወራች ነው። ስለ ሙሐመድሁሴን ይመስለኛል... እጇን የአርባ ቀን ልጅ በሚያህል ልክ ዘርግታ።