ጎፈር የተባለው ፀጉር

አዲስ አበባ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን
እሑድ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ተቆጥቼብህም ለምትናፍቀኝ ባለቤቴ ለሕሩይ፤

እንዴት ነህ? ብርዱስ? እኔ ደኅና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አይደለሁም። ከጠዋት ጀምሮ ሥራዬ ተቀምጦ መነሳት፣ ተነስቶ በመስኮት ማየት ሆኗል። ያልደወልኩት ስለምትዘጋብኝ ነው። ባለፈው እሑድ “ናዝሪ፣ ስብሰባ ልገባ ነው” አልከኝ፤ በእሑድ ምድር! ደብዳቤ መሀል ላይ አይዘጋም። ወዳጃችን ነአምን ዛሬ ማታ ወደ እናንተ ይበርራል፤ ነገ በእጅህ ይሰጥሃል። የጎራዴው ርክክብ ሐሙስ ስለሆነ ጊዜ አለህ።

እናንተ ሙዚየም ውስጥ ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ “የሐበሻ ጎራዴ” ተብሎ የኖረውን ይህን ዕቃ ፎቶውን ስትልክልኝ፣ የእኛ አይደለም ብዬ ጽፌልህ ነበር። ምክንያቱንም ዘርዝሬ። ሪፖርቱ ሲመጣ ግን የእኔ ቃል የለም፤ ከታች ያንተ ፊርማ ብቻ። “በእጀታው ላይ የታሰረው የአንበሳ ጎፈር ነው” ይላል። ሕሩይ፣ አንተ ጎፈር አይተህ አታውቅም?

አሁን ራሱ እኛ ሙዚየም ደርሷል፤ ጓንት አድርጌ ይዤ አይቼዋለሁ። ብረቱ በአንድ ጎኑ ያበጠ፣ በሌላው የጎደጎደ ነው። እጀታው አፉን የከፈተ አውሬ የተቀረጸበት የአጋዘን ቀንድ ነው። ይህ የቦርኔዮ ደሴት የዳያክ ሰዎች ጎራዴ ነው፤ ማንዳው ይሉታል። ፀጉሩም ቀጭን፣ ጥቁርና ልስልስ ነው። የሰው ይመስለኛል።

ይህንኑ ለአለቃዬ ለአቶ ወንድይራድ ነገርኳቸው።

“ልጄ፣ ድንኳን ተከራይተናል፣ ጋዜጠኛ ጠርተናል። ጎራዴ ጎራዴ ነው” አሉኝ።

“ሬሳስ ሬሳ ነው? የጎረቤትዎን ወስደው ይቀብራሉ?”

“አፍሽን ያዢ! ባልሽ ፈርሟል። አንቺ ከባልሽ ልትበልጪ ነው?”

“በዚህስ እበልጠዋለሁ።”

በዚህ መልስ ከርክክቡ ኮሚቴ ተባረርኩ። “የሥነ ምግባር ጉድለት” ተብሎ ተጽፎብኛል። ሐሙስ ሥራዬ ለእንግዳ ውሃ ማደል ነው። ሁለት ዲግሪ ይዤ!

ትናንት እንጦጦ ወጣሁ፣ ጎራዴውን ሐሙስ የሚረከቡት እማማ በለጡ ዘንድ። በስልክ እንጂ በዓይን አታውቃቸውም፤ ስለዚህ ልንገርህ። አባታቸው በጠላት ወረራ ዘመን በአርበኝነት ሲወድቁ እማማ ጡት አልጣሉም ነበር። አስከሬን አልተገኘም፣ ጎራዴያቸውም ተወሰደ። አስከሬኑ የጠፋ ጀግና ጎራዴውና ልብሱ ወጥቶ ይለቀስበታል፤ ለእሳቸው አባት ግን የሚወጣ ነገር አልነበረም። እማማ እርማቸውን ሳያወጡ ዘጠና ሊሞላቸው ነው።

ስደርስ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ሙሾ ይለማመዳሉ። “ለሐሙስ ድምፄ እንዳይሰንፍ ብዬ ነው” አሉኝ እየሳቁ። አንጀቴን የበላው ሳቃቸው ነው። ጎራዴው የአባታቸው እንዳልሆነ፣ ፀጉሩም የሰው እንደሚመስል እንደምንም ነገርኳቸው።

“አንቺ የሕሩይ ሚስት አይደለሽም እንዴ? እሱ በስልክ ‘የአባትዎ ነው እማማ፣ እግዜርን!’ ብሎ ምሎልኛል። ማንኛችሁ ናችሁ የምትዋሹኝ?”

መማልህን አላውቅም ነበር።

“ከሩቅ ሆኖ ተሳስቶ ነው እማማ። አስቦበት አይደለም” አልኳቸው። አለቃዬ ፊት ያልዋሸሁት ሴት እዚያ ደጃፍ ላይ ዋሸሁልህ። ሁለተኛ አላደርገውም።

እሳቸውም፣ “ያ ፀጉር የሰው ነው አልሽ?”

“ይመስለኛል።”

“እዚያ አገርስ ጠያቂ ይኖረዋል?”

“ይኖረዋል እማማ።”

“እንግዲያ ውሰዱልኝ። የራሴን አባት ማጣቴ ይበቃኛል፤ የሰው አባት ታቅፌ አላለቅስም።”

ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡና በሩን ዘጉብኝ። ጆሮዬን ጥዬ ቆምኩ፤ ሙሾ የለም፣ ምንም የለም። ታክሲ መያዝ አስጠላኝ፤ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በእግሬ ወረድኩ፤ ከዚያ ጀምሮ እግሬ አልቆመም።

ሐሙስ ወንበራቸው ባዶ ይሆናል። አቶ ወንድይራድ ሌላ ዘመድ ፈልገው ያስቀምጡበታል፤ አውቃቸዋለሁ። እኔም እዚያው ነኝ፤ ማይክ ባይሰጡኝም ድምፅ አለኝ። ስናገር የትኛውን ሕሩይ እንደምጠራ ያንተ ፈንታ ነው።

ለእኔ አትደውል። ለእማማ ደውል። “ተሳሳትኩ” አትበላቸው፤ ያንን እኔ ብዬልሃለሁ። “ዋሸሁዎት” በላቸው። ስልኩን ስትዘጋ ደግሞ ወደ መጋዘናችሁ ውረድ። ጎራዴውን ለሙዚየማችሁ ያመጣው ያ ቅርስ ሰብሳቢ ከሁለቱም አገር የገዛውን አንድ ላይ ከምሮት ነበር ብለኸኛል። የአንዱ ወረቀት ለሌላው ከተለጠፈ፣ የኛውም የሰው ስም ይዞ ተኝቶ ይሆናል። “ቦርኔዮ” የሚለውን ሳጥን ክፈት። ከሌለም የለም በል። ብቻ በዓይንህ አይተህ በል።

መሪ ሰፈር ያሉት እናትህ ደኅና ናቸው፤ ምንም አልነገርኳቸውም። ሲመርቁህ አሜን አልኩ። እኔም ልመርቅህ፦ ከመሸ በኋላ የማያሳፍርህን ቃል በአፍህ ያኑርልህ።

ባለቤትህ
ናዝሬት

ግራጫውን ሹራብህን በነአምን ልልክልህ አውጥቼው ነበር። እዚህም በርዷል፤ ለብሼዋለሁ።